ጉራራን በኋላ ማርሽ

አገርነሽ መኪና የገዛችው ለመንደላቀቅ አልነበረም። የግራ እግሯ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ አይታዘዛትም። ሆሳዕና አጠገብ ባለች መንደር ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት እግሯን ይዞት ሄደ። አክስቷ አዲስ አበባ አምጥታ ጉራራ ዳገት ላይ ባለችው ሁለት ክፍል ቤቷ አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ ስትሞትም ቤቷን ተወችላት። እኔ ያወቅኋት ካርድ ክፍል በምሠራበት ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆና ስትመደብ ነው። ሥራዋ ደም መመርመር እንጂ ማከም አልነበረም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰችውን ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚለው። እሷም ማረሙን ከተወችው ቆይታለች።

ያኔ ማታ ከመገናኛ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ታክሲ መያዝ ሁለት እግር ላለውም ሰው ጦርነት ነበር። አገርነሽ ክራንቿን ይዛ ስትጠጋ ረዳቱ ሦስት ወንበር ባዶ እያለው «ሞልቷል!» ይላል። ክራንች ቦታ ይይዛል፤ እሷን አሳፍሮ ማውረድም ጊዜ ይወስዳል። አንዳንድ ቀን ከሥራ ወጥታ ቤቷ እስክትደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅባት ነበር። ፈረንሳይ ደርሳም ዳገቱ ይጠብቃታል። በአገር አቀፉ ምርጫ ሰሞን የተጀመረው ኮብልስቶን ከታችኛው ድልድይ እስከ ዳገቱ ወገብ ተነጥፎ ቆሟል። ከዚያ በላይ ክረምት ክረምት ክራንቹ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ እሱን ስትነቅል እሷ ትሰምጣለች።

ለአካል ጉዳተኞች ከቀረጥ ነፃ መኪና ማስገባት እንደሚቻል የነገራት የቤተ ክርስቲያኗ አንድ ሽማግሌ ነው። ወረቀቱን ለማስጨረስ አንድ ዓመት ሄደ። በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ያገለገለች ነጭ የጃፓን መኪና እጇ ገባች። አውቶማቲክ ናት፤ በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላትም። ነዳጅና ፍሬን ብቻ ስለሆነ ቀኝ እግር ብቻውን ይበቃል። መንጃ ፈቃዷን ያገኘች ቀን ማንንም ሳትነግር ላምበረት ድረስ ነድታ፣ አውቶቡስ ተራውን ዞራ፣ ምንም ሳትገዛ ተመለሰች። «ምን ልታደርጊ ሄድሽ?» ብላት «ልመለስ» አለችኝ።

መኪናዋ ዳገት ላይ ማስቸገር የጀመረችው በቀጣዩ ዓመት፣ ግንቦት ላይ ነው።

ከሥራ ወጥታ በመገናኛና በሾላ መጨናነቅ ውስጥ አርባ ደቂቃ ስትሳብ ቆይታ ጉራራ ዳገት ላይ ወጣች። ድልድዩን እንዳለፈች ሞተሩ ማጓራት ጀመረ፤ መኪናው ግን አይሄድም። ከመሪው ኋላ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ነዳጅ ስትጨምር ጩኸቱ እንጂ ጉልበቱ አይጨምርም። መሐል ዳገት ላይ ቆመች፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ከኋላዋ ጡሩንባ። ሞተሩን አጥፍታ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠች። እንደገና ስታስነሳው መብራቱ ጠፍቶ መኪናው ምንም እንዳልሆነ ሰው ዳገቱን ወጣ።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀንም እዚያው ቆመች።

ጋራዥ ወሰደችው። ጠዋት ነው፣ መኪናው ቀዝቃዛ ነው። መካኒኩ ሜዳ መንገድ ላይ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና «ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ በሙሉ ይቀየር፤ አውቶማቲክ አንዴ ከታመመ አይድንም» አላት። ምን እንዳገኘ ስትጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ሁለተኛው ጋራዥ ከዚያ ባሰ። መካኒኩ ነድቶ ከመጣ በኋላ ክራንቿን አየና ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ መኪናው ጤነኛ ነው። አነዳድሽ ነው። በግራ እግርሽ ሳታውቂው ፍሬን ትይዣለሽ።»

«ግራ እግሬ ፍሬን መያዝ ቢችል» አለችው «መቼ አንተ ዘንድ እመጣ ነበር?»

ሰውየው ሳቀ። እሷ እየቀለደች አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሌላ ሰው የሚያደርገው አይመስለኝም። ደብተር ገዝታ መጻፍ ጀመረች፦ ቀን፣ ሰዓት፣ አየሩ፣ ሞተሩ ከተነሳ ስንት ደቂቃ ሆነው፣ የት ቆመ፣ ስንት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ዳነ። ምሳ ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብላ ታየዋለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ግልጽ ሆነላት። መኪናው ጠዋት ታሞ አያውቅም፤ ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በላይ ሲሞቅ ግን ሁልጊዜ ይታመማል። ደብተሩን ይዛ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመለሰች። ሰውየው ሳይገልጠው መለሰላት።

ጋሽ ሰቦቃን ያገኘችው እንዲህ ደክሟት ሳለ ነው። ጋሽ ሰቦቃ ከላምበረት አውቶቡስ ተራ ጀርባ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ የጭነት መኪና የሚጠግን ሰው ነው። በደርግ ጊዜ የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን መፍቻዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ከአሥመራ በእግሩና በጭነት መኪና ላምበረት ደረሰ፣ እዚያው ቀረ። ስልሳ ሊሞላው ነው። መኪናዋን ሲያይ ገና ኮፋኖውን ሳይከፍት እጁን አነሳ።

«ልጄ፣ እኔ አውቶማቲክ አላውቅም። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«የሚያውቁት አላመኑኝም ጋሽ ሰቦቃ። እርስዎ አያውቁትም፤ ግን አብረውኝ ይሂዱ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከመገናኛ።»

ደብተሩን ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበው። ማታ መጣ። በሾላ በኩል ሰው በሰው ላይ ሆኖ እየተሳቡ ሲያልፉ መዳፉን ማርሽ መቀየሪያው ሥር አሳርፎ ንዝረቱን ያዳምጥ ነበር። ድልድዩን ሲያልፉ ቢጫዋ መብራት ብልጭ አለች፣ መኪናው አጓራ፣ ቆመ።

«አሁን አየሁ» አለ። «ሦስተኛ ማርሽ ላይ ተጣብቋል። አንደኛ አልገባለትም፤ በሦስተኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ዳገት ማን ይነሳል? አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ያመናት የመጀመሪያ ሰው እሱ ነበር። እዚያው መሪው ላይ አለቀሰች። እሱ መስኮቱን አውርዶ ወደ ውጭ እያየ እስክትጨርስ ጠበቃት።

ጋሽ ሰቦቃ ሳምንቱን ሲጠይቅ ከረመ። ከውጭ የመጡ መኪኖች የሚጠግን አንድ ወጣት የሶሌኖይድን ነገር አስረዳው። ሶሌኖይድ ማለት የጣት ያህል ብረት ነው፤ ውስጡ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የዘይት በር ይከፍታል፣ ሲቋረጥበት ይዘጋል። መኪናው ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው የሚያልፈው በዚያ በር ነው። በሩ አልታዘዝ ካለ የመኪናው ኮምፒውተር ካምቢዮው እንዳይጎዳ ሦስተኛ ላይ ቆልፎ ያስቀምጠዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘይቱን አፍስሶ የካምቢዮውን ሆድ ከፈተ። ሁለቱን ሶሌኖይዶች አወጣ፣ በቤንዚን አጠበ፣ በጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በቴስተር፣ ሲለካቸው አንዱም አሥራ ሦስት ኦም፣ ሌላውም አሥራ ሦስት።

«ሁለቱም ደህና ናቸው» አለ። ድምፁ ወረደ። «እንግዲህ ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም።»

አገርነሽ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጣ ታያለች። «ጋሽ ሰቦቃ፣ እነዚህ አሁን ቀዝቃዛ ናቸው። መኪናው ደግሞ ቀዝቃዛ ሆኖ ታሞ አያውቅም። እኛ ዘንድ ደም በልኩ ሙቀት ካልተያዘ ውጤቱ ይዋሻል። እናሙቃቸው።»

ከላቦራቶሪ ያመጣችው ቴርሞሜትር ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ጋሽ ሰቦቃ የላምባ ምድጃውን ለኮሰ፣ አሮጌ ድስት ላይ ንጹሕ ዘይት አደረገ፣ የመጀመሪያውን ሶሌኖይድ በሽቦ አንጠልጥሎ ነከረው። እሷ ሙቀቱን ትጠራለች፣ እሱ ቁጥሩን።

«ስልሳ።»

«አሥራ አምስት።»

«ሰማንያ።»

«አሥራ አምስት ከምናምን። ይሄ ደህና ነው።»

ሁለተኛውን ነከረ። ስልሳ ላይ ከወንድሙ ጋር እኩል ነበር። ሰባ፣ ሰባ አምስት። ሰባ ስምንት ላይ የቴስተሩ ቁጥር ተንቀጠቀጠና ጠፋ።

«ሞተ!» አለ ጋሽ ሰቦቃ።

አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። በአራት ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ ተመለሰ። እንደገና ነከረው፣ እንደገና ሞተ። አራት ጊዜ ደጋገሙት። አንድ ሽቦ ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቆ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል ማለት ነው። ሁለት ጋራዥ ያላገኘውን እነሱ በላምባ ምድጃ አገኙት። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል መጥታ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ያበራ ነበር። «ዳነች ማለት ነው?» አልኳት።

አልዳነችም። የበሽታውን ስም ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መድኃኒቱ ሌላ። ሾላ ገበያ አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጠው ሀሚድ ብረቱን አገላብጦ አይቶ «ሲስተር፣ ይህን በአገር ውስጥ አታገኚውም» አላት። ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሶማሌ ተራ ሰው ልኮ አስፈለገ፣ የሚገጥም ጠፋ። ጋሽ ሰቦቃ ሽቦውን ራሱ እንደገና ሊጠመጥመው ሞከረ፤ እነዚያ ወፍራም ጣቶቹ ፀጉር የመሰለውን ሽቦ ይዘው ሁለት ቀን ዋሉ። በስተመጨረሻ ተበጠሰ፤ በሙቀት ብቻ ይሞት የነበረው ጭራሹን ሞተ። አንገቱን ደፍቶ «አበላሸሁብሽ» አላት። ሀሚድ ወደ ዱባይ ለሚመላለስ ነጋዴ አዘዘላት። በስድስት ሳምንት መጣ። የመሰኪያው ቅርጽ ሌላ ነበር። መልሶ አዘዘ።

ሽቦው ከተበጠሰ ወዲህ መኪናው ገና ከጠዋቱ ሦስተኛ ላይ ነው። ሜዳ ላይ እያቃሰተ ይሄዳል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ዳገት ግን አይሞክርም። ክረምቱም ገብቷል። አገርነሽ መኪናዋን ድልድዩ ሥር አቁማ በክራንች መውጣት ጀመረች። አንድ ቀን ጠዋት ስትወርድ ጭቃው ላይ ወድቃ ልብሷም ፊቷም በጭቃ ተለውሶ ጤና ጣቢያ መድረሷን አስታውሳለሁ፤ ከሥራ ግን አልቀረችም።

መላ የዘየደላት ጋሽ ሰቦቃ ነው። «የኋላው ማርሽ በዚህ በሞተው በር አያልፍም» አላት። «ጤነኛ ነው፣ ጉልበቱም እንደ አንደኛ ነው። ድልድዩ ላይ አዙረሽ በጀርባሽ ብትወጪስ?» አብሯት ሄዶ ሞከሩት። መኪናው ጉራራን በጀርባው ሳያቃስት ወጣው።

እንዲህ ሆኖ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ አገርነሽ በየማታው ቤቷ የገባችው በኋላ ማርሽ ነው። ድልድዩ ጋ ትዞራለች፣ ወገቧን ጠምዝዛ፣ ክንዷን በጎን ባለው መቀመጫ ላይ ጥላ፣ በኋላው መስታወት እያየች ቀስ ብላ ትወጣለች። ልጆች እየሮጡ «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» ይላሉ። ሰው ይስቃል። እሷም አንዳንዴ ትስቅ ነበር። አንገቷ ደርቆ ጠዋት መዞር ሲያቅታት ግን አትስቅም። «ለምን ለጊዜው ታች ቤት አትከራዪም?» ብያት ነበር። «የአክስቴ ቤት ነው» አለችኝ።

ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ለቅመው የሚወርዱ ሴቶች በዚያ መንገድ ነው የሚያልፉት። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፤ ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ከእግራቸው ፊት ካለች አንዲት ክንድ መሬት ሌላ አያዩም።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ቀን ነው፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፤ ካፊያ ነበር። የኋላው መስታወት ጉም ለብሷል። አገርነሽ ወርዳ የኋላ በሩን ከፍታ በእጇ ጠርጋ፣ ተመልሳ የጎኑን መስታወት አይታ መውጣት ጀመረች። ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ኩርባ ላይ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰማች፤ እንጨት ነበር። ፍሬን ያዘች። ቆመች። ከዚያ የሰው ድምፅ ሰማች።

አስካለች የምትባል የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት። መኪናው የሸክሟን ጫፍ ገፍቶ አዙሯት፣ በቀኝ እጇ ላይ ወድቃ ሸክሙ በላይዋ ነው። አገርነሽ ወረደች። ክራንቿን ተደግፋ ጎንበስ ስትል ክራንቹ ተንሸራተተ፣ እሷም ወደቀች። እንጨቱን ልታነሳ ሞከረች፤ ጭቃ ላይ ተቀምጣ የምታነሳበት ጉልበት ከየት ይምጣ? ገመዱን ልትፈታ ሞከረች፤ ርሶ ጠብቋል።

«እትዬ፣ ይስሙኝ፣ ይስሙኝ እትዬ» ትላለች።

«ሰምቻለሁ ልጄ» ትላለች አስካለች ከእንጨቱ ሥር፤ «እጄ ነው።»

በኋላ ስትነግረኝ «እዚያ ጭቃ ላይ ሁለታችንም ተጋድመን፣ እኔ ነኝ የገጨኋት፣ እሷ ነች የምታጽናናኝ» አለች። ጮኸች። ከጮኸችበት ጊዜ አንስቶ ሰው እስኪመጣ ምናልባት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። እሷ ግን እስከ ዛሬ ልኩን መናገር አትችልም።

የሰፈሩ ሰዎች እንጨቱን አንስተው አስካለችን መኪናው ውስጥ አስገቧት። ቁልቁለት ስለሆነ በፊት ለፊት ወደ ጤና ጣቢያችን ወረዱ። እኔ የዚያን ቀን ተረኛ ነበርኩ። ሁለቱም በጭቃ ተሸፍነው ሲገቡ ማን ታማሚ፣ ማን አስታማሚ እንደሆነ አላወቅኩም። ካርድ አወጣሁ።

«ዕድሜ?»

«እንጃ ልጄ፤ ሃምሳ በይው።»

«ምን ሆኑ?»

አስካለች አገርነሽን አየቻት። «አዳልጦኝ ወደቅሁ» አለች።

«አይደለም» አለች አገርነሽ። «በመኪና ገጭቻቸው ነው። እንዲያ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። የእጇ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሲታሰርላት አጠገቧ ቆሜ «መኪናው ሲመጣ አልሰሙም?» አልኳት። አስካለች የመለሰችልኝን አልረሳውም። «ሰምቼማለሁ። ቀና ስልም አየሁት። ግን ጀርባውን ነበር ያየሁት፤ ጀርባውን ያሳየኝ መኪና የሚወርድ መስሎኝ ተከተልኩት።»

አገርነሽ ራሷ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄዳ ቃሏን ሰጠች። ነገሩ በሽምግልና አለቀ፤ አገርነሽ የሕክምናውንም የሁለት ወር ቀለቡንም ልትሸፍን ተስማሙ። ቤቷ ድረስ ሄዳ ይቅርታ ልትጠይቃት ግን አልቻለችም። የአስካለች ቤት ከመንገዱ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ዳር፣ በእግር ብቻ የሚደረስበት ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምራ ከግማሽ ተመለሰች። ዱቄቱንም ዘይቱንም በሰው ላከች። «ይቅርታ በሰው ይላካል?» አለችኝ።

ከአደጋው በኋላ መኪናዋን ጋሽ ሰቦቃ ግቢ አቆመች፤ እንደ ድሮው ታክሲ ትጠብቅ ጀመር። ትክክለኛው ሶሌኖይድ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ጋሽ ሰቦቃ በዚያው ቀን ገጠመው፣ በላምባ ምድጃ ሳይሞክረውም አላስገባውም። ማታ በመገናኛና በሾላ አሙቀው ጉራራ ላይ ወጡ። መኪናው አንደኛ ገባ፣ ሁለተኛ ገባ፣ ምንም ሳይል አናቱ ላይ ደረሰ። ጋሽ ሰቦቃ እንደ ልጅ አጨበጨበ። እሷ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ እጁን ሳመችው፤ ሲመለሱ ኩርባው ጋ ቀስ ብላ ሁለቱንም የመንገድ ዳር እያየች አለፈች።

የአስካለች እጅ ጠምሞ ነው የዳነው። ገመድ ማጥበቅ ስለማትችል ሌሎቹ ያስሩላታል፣ ሸክሟም እንደ በፊቱ ትልቅ አይደለም።

እኔ ጥር ላይ አንድ ማታ አገርነሽ ጋ ላድር አብሬያት ወጣሁ። ድልድዩን አልፈን፣ በፊት ለፊት፣ መብራት አብርተን ቀስ ብለን እንወጣለን። እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ሰባት ስምንት ሆነው እየወረዱ ነበር። ገና የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ሁሉም ቆሙ። አንድ በአንድ ወደ ግንቡ አጥር ተጠግተው፣ ሸክማቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው፣ አንገታቸውን እንደምንም ቀና አድርገው ጠበቁን። ሦስተኛዋ አስካለች ናት።

አገርነሽ መኪናውን አቁማ መስኮቱን አወረደች። «እለፉ እትዬ፣ እናንተ እለፉ። እኔ እጠብቃለሁ።»

«የለም፣ አንቺ እለፊ ልጄ» አለች አስካለች።

«ሸክም ይዛችሁ…»

«ግድ የለም። እለፊ።»

አንዳቸውም ከአጥሩ አልተንቀሳቀሱም። ነዳጅ ሰጠች፣ መኪናው ወጣ። ሴቶቹ መንገድ የገቡት እኛ ኩርባውን ካለፍን በኋላ ነው።